ውስጥ ለውስጥ መንገዳችን አቋራጭ ሆነብን፣ የፍጥነት መቀነሻ ብሬከር እንስራ ወይስ ሌላ መላ አለ?

የገርጂ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁም። እስኪ ስለመንገድ የምታውቁ ወይ ሰፈራችሁ ላይ እንደዚህ አይነት ነገር የገጠማችሁ ምክር ስጡኝ፣ ትንሽ ይረዝማል ግን እባካችሁ አንብቡልኝ።

የምንኖረው ገርጂ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ሁለት አስፋልት የሚያገናኝ አንድ የኮብልስቶን መንገድ አለ፣ ርዝመቱ 400 ሜትር ቢሆን ነው። ኮብልስቶኑ ሲነጠፍ እያንዳንዱ ቤት አዋጥቶ ነው የተሰራው፣ እኛም ያኔ አዲስ ተጋቢዎች ነበርን ከደሞዛችን ቆርሰን ነው የከፈልነው፣ ጭቃው ሲቀርልን የተሰማን ደስታ እስካሁን አይረሳኝም። ያኔ የሚያልፈው መኪና በጣት የሚቆጠር ነበር፣ የማን እንደሆነም በክላክሱ ነበር የምንለየው። አሁን ዋናው መንገድ ሲጨናነቅ ሁሉም ወደኛ ነው የሚታጠፈው፣ የራይዱ ሹፌር ስልኩ ላይ ያለው ካርታ በዚህ ግባ ይለዋል፣ ሚኒባሱ ሰልፉን ሸሽቶ ይገባል፣ የመስሪያ ቤት ሰርቪሱ ሰዓት እንዳይረፍድበት፣ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ሳይቀር ያልፋል። በተለይ ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ በትክክል ልጆች ትምህርት ቤት በሚሄዱበት ሰዓት።

ከሶስት ሳምንት በፊት የጎረቤቴ ልጅ፣ 7 አመቱ ነው፣ ዳቦ ገዝቶ ከሱቅ ሲወጣ መኪና ገጨው። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፏል፣ እግሩ ግን ተሰብሮ እስከ ታፋው ድረስ በጄሶ ነው። ጩኸቱን ሰምቼ ስወጣ ዳቦው ኮብልስቶኑ ላይ ተበትኖ አንድ ጫማው ዲቹ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሹፌሩ ራሱ ልጅ እግር ነው፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ አላየሁትም አላየሁትም ይላል። እውነቱን ነው አላየውም፣ ሱቁ በር ላይ ሁሌ መኪና ይቆማል ልጁ ከቆመው መኪና ጀርባ ነው ብቅ ያለው። ግን ቀስ ብሎ እየመጣ ቢሆን ኖሮ ይቆም ነበር፣ ያን ያህል ይገባኛል።

ከዛ ወዲህ ሰፈሩ ስብሰባ በስብሰባ ሆኗል። ወጣቶቹ አምስት ኩንታል ሲሚንቶ እንግዛና ቅዳሜ ማታ ሶስት ብሬከር እንስራ ይላሉ። አንዳንዱ በአንዱ ጫፍ የብረት በር ተክለን ዘበኛ እንቅጠር ይላል። ወገባቸውን የሚያማቸው አንድ አባት ደግሞ እኔ ለሀኪም ቤት ስመላለስ በዛ ብሬከር ላይ ልትገሉኝ ነው ወይ አሉ፣ ሁሉም ዝም አለ።

አንድ ያስተዋልኩትን ልንገራችሁ። ባለፈው አመት ለቅሶ ነበረና የእድራችን ድንኳን መንገዱ ላይ ተተክሎ ሶስት ቀን ቆየ። በሶስቱ ቀን አንድም መኪና አልመጣም፣ ልጆች ድንኳኑ ጀርባ ኳስ ይጫወታሉ፣ ሽማግሌዎቹ ወንበራቸውን አውጥተው ፀሀይ ይሞቃሉ፣ ለቅሶ ቤት ሆነን እንኳን ሁላችንም መንገዱ እንዴት እንዳማረበት እናወራ ነበር። ያ ሁሉ መኪና ታዲያ የት ሄደ? ማለትም የግድ በኛ በር ማለፍ አልነበረበትም ማለት ነው።

እና ምን ይሻለናል? ብሬከሩን ራሳችን ብንሰራ ችግር አለው? ሌላስ ዘዴ አለ?

ከ20 አመት በላይ ሹፌር፦

እህቴ እግዜር ይማርላችሁ ልጁን። እኔ ሚኒባስ ነው የምነዳው፣ ገርጂንም በደንብ አውቀዋለሁ፣ አንቺ ያልሽው አይነት መንገድ ላይ እኔም እገባለሁ፣ አልዋሽሽም። ጠዋት ተሳፋሪው ራሱ በውስጥ በውስጥ ውሰደን ይላል፣ ሰዓት እየሄደበት ነው፣ እኔም አንድ ቢያጆ በጨመርኩ ቁጥር ነው ለቤቴ የሚተርፈኝ። ይሄን የምነግርሽ ሹፌር ሁሉ ክፉ ሆኖ እንዳይመስልሽ ነው።

ግን አንድ ነገር ስሙኝ፣ ያቺ በሌሊት የምትሰራ ቀጭን የሲሚንቶ ብሬከር ጥሩ አይደለችም። ለምን በሉኝ። ከፍታዋ አንድ ስንዝር ሊሆን ምንም አይቀረው ስፋቷ ግን እግር አያሳርፍም፣ ቪትዝና ያሪስ ካርተሩን ነው የምትመታው፣ ሚኒባስ ሰው ሞልቶ ከሆነ ባሌስትራውን ትሰብራለች፣ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠች እርጉዝ ብትኖርስ። ሹፌሩ ምን ያደርጋል፣ ብሬከሯ ጋ ሲደርስ ሊቆም ምንም አይቀረው ቀስ ይልና ካለፈ በኋላ በንዴት ነዳጁን ይረግጠዋል፣ እስከሚቀጥለው ብሬከር ድረስ ከበፊቱ በበለጠ ነው የሚበረው። ይሄን በአይኔ ያየሁት ሳይሆን በእግሬ ያደረኩት ነው።

እኔን ቀስ የሚያስደርገኝ ምን እንደሆነ ልንገርሽ? መንገዱ ሲጠብ ነው። ግራና ቀኝ የሆነ ነገር ሲኖር፣ ዛፍ ይሁን ድንጋይ ይሁን፣ ከፊት ለፊት መኪና ሊመጣ ይችላል ብዬ ስጠብቅ እግሬ ሳልነግረው ፍሬን ላይ ይሄዳል። ቀጥ ያለና ሰፋ ያለ መንገድ ግን ሂድ ሂድ ይልሻል።

የሰፈር ኮሚቴ፦

እኛ ያንን የቅዳሜ ማታውን ስራ ሰርተነዋል፣ ስለዚ ከኛ ተማሩ። ሰፈሩን አልጠቅስም። ሁለት ብሬከር በአንድ ሌሊት ሰራን፣ ቀለም የለው ምልክት የለው፣ ሲሚንቶው ገና ሳይደርቅ በማግስቱ ማታ መብራት ጠፍቶ ሳለ አንድ ሞተረኛ መጥቶ ወደቀ። ትከሻው ወለቀ፣ ልጁ የራሳችን ሰፈር ልጅ ነው፣ እናቱ እስካሁን ኮሚቴውን ሰላም አትልም እኔም አልፈርድባትም። ከዛ የሚመለከተው ቢሮ መጥቶ ያለፈቃድ ነው አፍርሱ አለን፣ በራሳችን ወጪ በመዶሻ ስናፈርስ አብሮ ኮብልስቶኑ ተነቀለ፣ ክረምት ሲገባ እዛች ጋ ጉድጓድ ሆነ፣ አሁን ጉድጓዱ ነው ብሬከር የሆነው።

ሌላው ያላሰብነው ውሃውን ነው። ብሬከሩን ከአጥር እስከ አጥር ሙሉ ለሙሉ ስለዘጋነው የሀምሌ ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ ወደ ዲቹ መግባት አቅቶት ቀጥታ የአንዲት ባልቴት ግቢ ገባ። ፍራሽና ጤፍ ነው ያወጣንላቸው። እባካችሁ ከመስራታችሁ በፊት የሚያውቅ ሰው አማክሩ፣ ፊርማ አሰባስቡ፣ ደብዳቤ አስገቡ። ይዘገያል አውቃለሁ፣ ግን በኋላ ተጠያቂው እናንተ ናችሁ የሚሆነው።

መንገድ መሐንዲስ፦

ሰላም የገርጂ እናት፣ ልጁን እግዚአብሔር ይማረው። ሙያዬ ነው፣ የምችለውን ያህል ልበል፣ ከላይ ሹፌሩ ወንድማችን የተናገረው ደግሞ ብዙ መጽሐፍ የሚያስንቅ ነው በጥሞና አንብቡት።

መጀመሪያ ለምን ፍጥነቱ ላይ እንደምናተኩር። በሰዓት 30 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና፣ ሹፌሩ ልጁን ካየበት ቅጽበት ጀምሮ እስኪቆም 13 ሜትር አካባቢ ይፈጅበታል። በ50 የሚሄደው ደግሞ 28 ሜትር ገደማ። ይሄ ደረቅ አስፋልት ላይ ነው፣ ዝናብ ያረሰረሰው ኮብልስቶን ላይ ይብሳል። እስኪ አስቡት፣ የ30ው መኪና ሙሉ በሙሉ በቆመበት ቦታ የ50ው ሹፌር እግር ገና ወደ ፍሬን እየሄደ ነው፣ ማለትም ልጁን በሙሉ ፍጥነቱ ነው የሚያገኘው። ለዚህ ነው በአለም ላይ እግረኛና ህፃናት የሚበዙበት ሰፈር 30 ይሁን የሚባለው፣ በ2020 እ.ኤ.አ ስቶክሆልም ላይ ሀገራት ተሰብስበው ያወጡት መግለጫም ይሄንኑ ቁጥር ነው ያስቀመጠው። የአለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት 1 ፐርሰንት ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ 4 ፐርሰንት ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው፣ መኪና ውስጥ ያለው አይደለም።

ስለዚህ ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። ከባድ አይደለም። በሜትር 50 ሜትር ለኩና ሁለቱም ጫፍ ላይ አጥሩ ላይ በኖራ ምልክት አድርጉ፣ አንድ ሰው ስልኩን ይዞ ሱቁ በር ላይ ይቀመጥ። መኪናው ከምልክት ምልክት በ6 ሰከንድ ካለፈ 30 ነው፣ በ4 ሰከንድ ተኩል ካለፈ 40፣ በ3 ሰከንድ ተኩል አካባቢ ካለፈ 50 ማለት ነው። ሹፌሩ እየተለካ መሆኑን እንዳያይ፣ ካየ ቀስ ይላል። ጠዋት፣ ማታ 11 ሰዓት ላይ እና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ለኩ፣ ሌሊት መኪናው ያንሳል ፍጥነቱ ግን ብዙ ጊዜ ይብሳል።

ሁለተኛ፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ሰው አቁማችሁ የታርጋውን የመጨረሻ ሶስት ቁጥር መዝግቡ። በአንዱ ጫፍ የገባው በሁለት ደቂቃ ውስጥ በሌላው ከወጣ አቋራጭ ነው፣ ካልወጣ የሰፈር ሰው ወይ እንግዳ ነው። የድንኳኑ ነገር በጣም ነው ያስገረመኝ፣ እኛ ለጥናት ብዙ ብር የምናወጣበትን ነገር እድራችሁ በነፃ አሳይቷችኋል። በወረቀት ሲሆን ደግሞ ቢሮ ሄዳችሁ ስታመለክቱ የሚሰማችሁ ሰው ታገኛላችሁ፣ መኪና በዛብን ማለትና ጠዋት ከሚያልፈው ይሄን ያህሉ አቋራጭ ነው ማለት አንድ አይደለም።

አሁን ወደ ብሬከሩ። ደህና ተደርጎ የሚሰራው ብሬከር ግንድ አጋድሞ ሲሚንቶ መለሰን አይደለም። መኪናው በሚሄድበት አቅጣጫ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ70 ነው፣ ከፍታው መሀሉ ላይ ከ7.5 እስከ 10 ሳንቲም፣ የመዳፍ ስፋት በሉት። ቀስ ብሎ ይወጣል ቀስ ብሎ ይወርዳል። በ25 እና በ30 ለሚያልፈው ምቹ ነው፣ በ50 ለሚመጣው ግን መቀመጫው ላይ ያነጥረዋል። ሌላው አይነት ከላይ ጠፍጣፋ የሆነው ነው፣ መሀሉ 3 ሜትር ጠፍጣፋ ሆኖ መውጫና መውረጃው ጋር 6 ሜትር ከ70 ገደማ ይሆናል፣ ሱቁ ፊት ለፊት እሱ ቢሆን ልጆቹ በላዩ ላይ ይሻገራሉ፣ ዜብራም ይቀባበታል። ወገባቸውን ለሚያማቸው አባትም ይሄ ነው የሚሻለው፣ ቀስ ብሎ ለሚያልፍ ምንም አይሰማም።

እናንተ ኮብልስቶን ስለሆናችሁ አንድ ጥሩ እድል አላችሁ፣ ሲሚንቶ ላያስፈልግ ይችላል። ድንጋዩን አንስቶ ከስር አሸዋውንና ጠጠሩን ከፍ አድርጎ መልሶ መደርደር ይቻላል፣ ዳርና ዳሩን በከርብስቶን መያዝ ብቻ ነው። ኮብልስቶን ያነጠፈ ልጅ በየሰፈሩ አለ፣ ይሄን ስራ ያውቀዋል። ካላማራችሁም ሳይሰበር ይነሳል።

ቦታ አመራረጥ። የመጀመሪያው ከአስፋልቱ እንደገባችሁ ብዙም ሳይርቅ ይሁን፣ መኪናው ገና ፍጥነት ሳያነሳ። ከዛ በኋላ ከ60 እስከ 100 ሜትር ባለው ርቀት ይደጋገም፣ ከዛ ከራቀ ሹፌሩ እንዳለው መሀል ላይ ይበራል። በጣም ቁልቁለት ላይ አትስሩ፣ መታጠፊያ ላይም አትስሩ፣ እና እባካችሁ የሰው መኝታ ቤት ግድግዳ ስር አትስሩ፣ ባዶ አይሱዙ በሌሊት ሲያልፍበት ካሶኒው የሚያወጣው ድምፅ እንቅልፍ ይነሳል። በሁለቱም ዳር ለውሃ መሄጃ ተዉለት። ነጭ ቀለም፣ ማታ የሚያንፀባርቅ፣ እና ቀድሞ የሚታይ ምልክት ግዴታ ነው።

ግን ከብሬከር በፊት መግቢያችሁን እዩት። ብዙ ሰፈር ላይ የመንገዱ አፍ እንደ መለከት የሰፋ ነው፣ መኪናው ከአስፋልቱ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ነው የሚታጠፈው። አፉን አጥብቡት፣ ማዕዘኑን ሹል አድርጉት፣ ሹፌሩ ማርሽ ቀንሶ እንዲገባ። እና ሱቁ በር ላይ የሚቆመው መኪና። በኔ እይታ ልጁን ያስገጨው ፍጥነቱና እሱ አንድ ላይ ናቸው። ከሱቁ ግራና ቀኝ ቢያንስ 5 ሜትር መኪና እንዳይቆም አድርጉ፣ አበባ ያለበት በርሜል አስቀምጡበት፣ ልጅ ከዛ ሲወጣ ሹፌሩ ያየዋል እሱም መኪናውን ያያል። ይሄ ለነገ የሚባል አይደለም፣ ዛሬ ማታ ሊደረግ ይችላል።

የጎረቤት ሰፈር፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ትንሽ ልቃወም። እናንተ መንገዳችሁን ስትዘጉ ያ ሁሉ መኪና ወደኛ ነው የሚመጣው። በተለይ የብረት በር የሚባለው ነገር እኔ አልቀበለውም፣ መንገድ የህዝብ ነው፣ በኛ በኩል ያሉ ሰዎች እዛ ዘመድ አላቸው፣ ጉልት የሚወርዱ እናቶች በዛ ነው የሚሄዱት፣ ዘበኛ ማነህ ወዴት ነህ እያለ ሊያቆማቸው ነው? ደግሞ ሌሊት እሳት ቢነሳ ቁልፉን የያዘው ሰው እስኪፈለግ ቤቱ ይነዳል። የድንኳኑን ሶስት ቀን እኛም እናስታውሳለን፣ እናንተ ጋ ፀጥ ሲል የሆነ ሰው በር ላይ ጨምሯል።

ነርስ ነኝ፦

እኔንም ያሳሰበኝ የድንገተኛ መኪና ማለፊያው ነገር ነው። የምሰራው ድንገተኛ ክፍል ነው። አምቡላንስ ላይ የተሰበረ አጥንት ያለው ሰው ጭነህ በየ30 ሜትሩ ያ ሹል ብሬከር ሲያጋጥምህ በሽተኛው ምን ያህል እንደሚጮህ የሰማ ሰው እንደዛ አይነት አይሰራም። ጠፍጣፋ የተባለው ግን ችግር የለውም። በተረፈ እንዳትሳሳቱ፣ እኛ ጋ በመኪና ተገጭቶ የሚመጣ ልጅ አንድ ቀንሶ ቢመጣ አምቡላንሱ ሁለት ደቂቃ ቢዘገይ እመርጣለሁ።

ሲያትል ነኝ፦

ሰላም ወገኖቼ። የተወለድኩት አዲስ አበባ ነው አሁን ሲያትል ነው የምኖረው፣ ታክሲ ነበር የምነዳው አሁን ደግሞ የትምህርት ቤት አውቶቡስ። እዚህ ያለውን ብነግራችሁ ምናልባት ሀሳብ ይሰጣችሁ ይሆናል፣ እንዳለ ይወሰድ ማለቴ ግን አይደለም።

ሲያትል ውስጥ የመኖሪያ ሰፈር መስቀለኛ መንገድ ላይ መሀሉ ላይ ትንሽ ክብ ነገር ይሰራሉ፣ ትልቁ አደባባይ አይደለም፣ የአንድ ክፍል ቤት ስፋት ቢኖረው ነው። መሀሉ ላይ ዛፍና አበባ አለ። እንደዚህ አይነቱ በከተማው ውስጥ ከ1000 በላይ አለ፣ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ ጀምሮ ነው የሚሰሩት። ቀጥ ብለህ መብረር አትችልም፣ የግድ መሪ ማዞር አለብህ፣ ጎርበጥ የሚያደርግህ ግን ምንም የለም። ደስ የሚለኝ ነገር አበባውን ውሃ የሚያጠጡት ጎረቤቶቹ ናቸው፣ እኔ ቤት አጠገብ ያለውን አንዲት ጡረተኛ ሴትዮና አንድ የኛ ሰው ናቸው የሚንከባከቡት፣ የኛው ሰው ጤና አዳም ተክሎበታል፣ በዛ ስታልፍ ይሸትሀል። በ2016 እ.ኤ.አ ደግሞ የመኖሪያ ሰፈር መንገዶችን ሁሉ ወደ 20 ማይል አወረዱት፣ 32 ኪሎሜትር ማለት ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ያሉትም ዘመዶቼ በ2020 እ.ኤ.አ እነሱም ጋ 20 ሆነ ብለውኛል። ግን ታፔላ ብቻውን አይሰራም፣ ታፔላው ከተተከለ በኋላም ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ሰው ይበራል፣ ክቡ ያለበት ላይ ግን አይበርም፣ በየቀኑ የማየው ነው።

የገርጂ እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለት ሶስቴ ነው ያነበብኩት። ለጎረቤት ሰፈር፣ ልክ ብለሀል ወንድሜ፣ እውነት ለመናገር እናንተን አላሰብኩም ነበር፣ በሩን በተመለከተ እኔም ልቤ አልተቀበለውም ነበር አሁን ስብሰባው ላይ ይሄንኑ እናገራለሁ።

መሐንዲሱ፣ ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ መኪናው ወደ ሌላ ሰፈር እንዳይሄድ ምን ይደረጋል? ሁለተኛ ሳንሰራው በፊት የሚሞከርበት መንገድ አለ? ምክንያቱም ሽማግሌዎቹ ካላዩ አያምኑም፣ ወጣቶቹ ደግሞ ትዕግስት የላቸውም።

መንገድ መሐንዲስ፦

የመጀመሪያው ከባድ ጥያቄ ነው፣ ጎረቤት ሰፈር ያለውም ትክክል ነው። አንድ መንገድ ብቻ ከተነካ መኪናው ወደ ቀጣዩ ይዞራል። ስለዚህ ማመልከቻውን ለብቻችሁ አታስገቡ፣ ጎን ለጎን ካሉት መንገዶች ኮሚቴዎች ጋር ሁኑና በአስፋልቶቹ መሀል ያለው ሰፈር በሙሉ አንድ ላይ ይታይ በሉ። ሁሉም ውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ 30 ከሆነ አቋራጩ ከዋናው መንገድ አይፈጥንም፣ የማይፈጥን አቋራጭ ደግሞ ማንም አይመርጠውም፣ ስልኩም ራሱ በዛ ግባ ማለቱን ይተዋል ምክንያቱም ካርታው የሚያየው ሰዓቱን ነው። መዝጋት አይደለም፣ ማፍጠኛነቱን ማሳጣት ነው።

ለሁለተኛው፣ አዎ፣ እንዲያውም መጀመር ያለበት በሙከራ ነው። ለገሃር ያለው መስቀለኛ መንገድ ላይ የተደረገው ይሄው ነበር፣ መጀመሪያ በኮንና በቀለም መንገዱን አጠበቡት፣ መኪናና ሰው እንዴት እንደሚሆን አዩ፣ ከዛ ነው የቆየው። በ2011 ዓ.ም የተጀመረው "መንገድ ለሰው" የሚባለው፣ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ የሚለቀቅበት ፕሮግራም ደግሞ፣ መኪና በሌለበት መንገዱ ምን እንደሚመስል ለሰው በአይኑ አሳይቶታል። እናንተ ለኮን ብር ማውጣት አያስፈልጋችሁም፣ ባዶ በርሜል ፈልጉ፣ ግማሽ ድረስ አፈር ሙሉ፣ ነጭና ቢጫ ቀቡት። ግን ይሄንንም ለወረዳው አሳውቃችሁ በደብዳቤ አድርጉት፣ ለአንድ ሳምንት ሙከራ ነው ብላችሁ ቀኑን ጻፉ።

መንገዱ ስፋቱ ስንት ነው?

የገርጂ እናት፦

አሁን ባለቤቴ በሜትር ለካው፣ ከዲች እስከ ዲች 6 ሜትር ከ40 ነው።

መንገድ መሐንዲስ፦

በቂ ነው። አንዱን ጥንድ በርሜል ከቀኙ ዳር ጀምራችሁ ወደ ውስጥ 2 ሜትር ከ40 ድረስ አስገቡ፣ 4 ሜትር ክፍት ይተርፋል፣ የእሳት አደጋ መኪና በደንብ ያልፋል። ከዛ 40 ሜትር ገደማ ሄዳችሁ በግራው ዳር እንደዛው አድርጉ። መኪናው እንደ እባብ መሄድ ይጀምራል፣ ከፊት ሌላ መኪና ከመጣም አንዱ ቆሞ ያሳልፋል። በርሜሉ ከማዕዘን ወይም ከሰው ግቢ በር እንዲርቅ። ማታ እንዲታይ አንፀባራቂ ፕላስተር ለጥፉበት፣ የኮሚቴውን ሞተረኛ አትርሱ። የእግረኛውንም መንገድ እንዳትዘጉት፣ በበርሜሉና በዲቹ መሀል በእግር የሚሄድ ሰው እንዲያልፍ ሆኖ ይሁን፣ በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ሰው ካለ እሱን አስቀድማችሁ ጠይቁት። ከሳምንት በኋላ ያንኑ 50 ሜትር እንደገና ለኩ።

የገርጂ እናት፦

ዛሬ ተመልሼ የመጣሁት ልንገራችሁ ብዬ ነው። ሰኞና ማክሰኞ ጠዋት ለካን። ወጣቶቹ ናቸው የለኩት፣ መጀመሪያ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ሲሉ የነበሩት። ታርጋውን ስንመዘግብ ጠዋት ከሚያልፈው ከግማሽ በላዩ የሰፈሩ አይደለም፣ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ፍጥነቱ ግን ሁላችንንም ያሳዘነን ነገር አለው፣ ከ4 ሰከንድ በታች ካለፉት መሀል ሁለቱ የራሳችን ሰፈር ሰዎች ናቸው፣ አንደኛው ስብሰባው ላይ በጣም ሲናደድ የነበረ ነው። ወረቀቱን ሲያይ ብዙ ዝም አለና በርሜል እኔ አመጣለሁ አለ፣ አራት አመጣ።

ከጎን ካሉት ሁለት መንገዶች ኮሚቴዎች ጋርም ተነጋግረናል፣ ማመልከቻው በሶስታችን ስም ነው የሚገባው፣ ፊርማውን የእድሩ ፀሀፊ እያዞሩ ነው። ሱቁ በር ላይ መኪና እንዳይቆም ባለሱቁ ራሱ ሁለት የአበባ ጣሳ አስቀምጧል፣ ገበያዬ ይቀንሳል ብሎ ፈርቶ ነበር እስካሁን አልቀነሰም። ሙከራው ለወረዳው በደብዳቤ ተነግሯል፣ ቅዳሜ ጠዋት በርሜሎቹን እንደረድራለን።

ከ20 አመት በላይ ሹፌር፦

ጎሽ። ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው? ሚኒባሴን ይዤ ልምጣ፣ ባዶውንም ሰው ሞልተንም እናሳልፈው። በርሜሎቹ መሀል ሰፍቶ ከሆነ ፍሬን ሳልይዝ አልፋለሁ፣ ያኔ አጥብቡት እላችኋለሁ። ጠቦም ከሆነ እነግራችኋለሁ።

የገርጂ እናት፦

ጋሼ እግዜር ያክብርልኝ። 3 ሰዓት ላይ ነው፣ ሱቁ ጋ ሲደርሱ የገርጂ እናት ብለው ይጠይቁ፣ ቡና ይጠብቅዎታል። ሲገቡ ግን ቀስ ይበሉ፣ ልጆቹ ቀለሙን እየቀቡ መንገዱ ላይ ናቸው።